ከዳንቴሉ ስር

ቮልሷን የገዛሁት ከጎረቤቴ ነው፤ ጡረታ ከወጡ የመሬት ቀያሽ። ቁልፉን ሲያስረክቡኝ ስለ ሞተሯ ግማሽ ሰዓት አወሩልኝ፤ ዘይቷ መቼ መቼ እንደሚቀየር፣ ጠዋት ሳትሞቅ እንዳላጣድፋት፣ የእንጦጦን አቀበት በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብላ እንደምትወጣ። ስለ ዳሽቦርዷ ግን ትንፍሽ አላሉም። ዳሽቦርዷ ላይ ከጫፍ ጫፍ ነጭ ዳንቴል ተነጥፏል። ቴሌቪዥንና የሶፋ መደገፊያ ላይ እንደምናነጥፈው ያለ፣ በኪሮሽ የተሠራ፣ ዙሪያውን አበባ አበባ ያለው። የሟች ባለቤታቸው የእጅ ሥራ መሆኑን አውቅ ስለነበር ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልነካው ነዳሁ።

ባለፈው ዓመት ጥምቀት ሲያልፍ ግን ዳንቴሉ ነጭ መባሉ ስለቀረ ላጥበው አነሣሁት። ከስሩ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛው የጠረጠርኩት ነው፤ ስንጥቅ። ከመሪው በላይ ተነሥቶ ወደ ሬዲዮው የወረደ፣ ትንሿን ጣቴን የሚያስገባ አንድ ትልቅ ስንጥቅና ከጎኑ የበቀሉ ሁለት ትንንሾች። ሁለተኛውን አልጠረጠርኩትም። ጥቁሩ ቪኒል ላይ የዳንቴሉ አምሳያ ታትሟል። ክሩ የጋረደው ቦታ ጥቁር እንደሆነ ቀርቷል፤ በቀዳዳዎቹ በኩል ፀሐይ የገባበት አመድማ ሆኗል። አበባው፣ ቅጠሉ፣ ሴትዮዋ አንድ ቦታ ተሳስተው የዘለሏት ዓይን ሳትቀር። ዳንቴሉን አጥቤ ገመድ ላይ ካሰጣሁ በኋላ ተመልሼ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ስመለከተው ቆየሁ።

ስንጥቅ ይዞ መሄድ ይቻል ነበር። እኔ ግን አንዴ ያየሁትን ነገር እንዳላየሁ መሆን አልችልበትም። ሰፈሬ ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። ሠራተኛው "ምን ችግር አለው" ብሎ ስንጥቁን በስቱኮ ሞላው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፣ ጥቁር ቀለም ነፋበት። ለፋሲካ ዘመድ ጥየቃ ስወጣ ስቱኮው ከነቀለሙ እንደ ደረቀ ቂጣ ተነሥቶ ጭኔ ላይ ወደቀ። ስቱኮ ለላሜራ የተፈጠረ ነገር ነው። ዳሽቦርድ ቀትር ላይ ያብጣል፣ ሌሊት ይኮማተራል፤ ግትር ነገር ውስጡ አይቆይም።

ስንጥቁስ ከየት መጣ? ቪኒል በተፈጥሮው ደረቅ ነው። የሚያለሰልሰው ሲመረት የሚደባለቅበት ቅባት መሰል ኬሚካል ነው፤ ሙቀትና ፀሐይ ያንን ቅባት በዓመታት ውስጥ እያተነኑ ያወጡታል። ፊት ለፊት መስታወቱን ከውስጥ በኩል ስንጠርግ እጃችን ላይ የሚያሙለጨልጨው ጭጋግ አንድም እሱ ነው። ቅባቱ ያለቀበት ቪኒል ይኮማተራል፤ ከስሩ ያለው ስፖንጅ አብሮት አይኮማተርም፤ ስለዚህ ይቀደዳል። አዲስ አበባ ደግሞ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የተቀመጥነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ብርድ አለ ብለን ፀሐዩን እንንቀዋለን። ጥር ላይ ጠዋት ጋቢ ለብሶ የወጣ ሰው ቀትር ላይ ጥላ ፍለጋ ይሮጣል፤ መኪና ግን ጋቢውንም ጥላውንም አታገኝም።

ግንቦት ውስጥ አንድ ማክሰኞ ቮልሷን ግቢ አቁሜ በታክሲ ወደ መርካቶ ወረድኩ። የመኪና ዕቃ ለመግዛት መርካቶ በመኪና አይኬድም፤ ነጋዴው ዋጋውን ከመኪናው ላይ ያነበዋል። ተክለሃይማኖት ወርጄ ወደ ሶማሌ ተራ በእግሬ ቀጠልኩ። ሶማሌ ተራ መድረሴን ሰው መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ መሬቱ ይናገራል። ለዓመታት የፈሰሰ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፣ ጫማ ይይዛል። ከላይ በሮች እንደ ሥጋ ቤት ሙዳ ተሰቅለዋል፤ ከታች ፓራውልት፣ ኮፈን፣ ፍሬቻ፣ ራዲያተር ተደርድሯል። አንዱ ሱቅ መሪ ብቻ፣ ሌላው ፋኖስ ብቻ ይሸጣል። የተሰረቀበትን ስፖኪዮ እዚሁ መጥቶ ገዝቶ ስለተመለሰ ሰው ያልሰማ የአዲስ አበባ ሹፌር የለም፤ ለዚህ ነው መሰለኝ የመጀመሪያው ደላላ ልጅ ሲቀበለኝ፣

"ሲስተር፣ ምን ጠፋ?" ያለኝ።

"ምንም አልጠፋም። ዳሽቦርድ ነው የምፈልገው፤ የቮልስ።"

"የቮልስማ ሞልቷል!"

እውነትም ሞልቷል፤ የእኔ ዓይነት አልነበረም እንጂ። ከአንድ ጓሮ ጎትቶ ያወጣልኝ ውኃ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ በመጋዝ የተቆረጠ ላሜራ ነበር። አብዛኞቹ የአገራችን ቮልሶች እንደዚያ ናቸው፤ ዳሽቦርዳቸው ከአካላቸው ጋር አንድ የሆነ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ይዝጋል እንጂ አይሰነጠቅም። የእኔዋ 1303 ናት። ፊት ለፊት መስታወቷ ጎበጥ ያለ፣ ዳሽቦርዷ በስፖንጅና በቪኒል የተለበጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ወጥታ በ1975 ምርቷ የቆመ። ፋብሪካው ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋን ሲሸኝ፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ይህን ዳሽቦርድ የያዙት የጥቂት ዓመት ልጆች ናቸው። ይህን ሁሉ ለደላላው ልጅ አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝና፣

"ቮልስ ቮልስ ነው" አለ።

ከጎኑ፣ ግማሽ ገላው የአንድ ፔጆ ኮፈን ስር የገባ ሽማግሌ መካኒክ ቀና ሳይል፣ "ክሩስኮቱን ነው እንዴ የምትለው?" ብሎ ጠየቀ።

ያንን ቃል ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ጣሊያንኛ ነው፤ እንደ ፍሬን፣ እንደ ማርሽ፣ እንደ ጎማ፣ እንደ ካንዴላ፣ እንደ ታርጋ፣ እንደ ቦሎ። መርካቶ ራሱ ያው ነው። ጣሊያኖች አዲስ አበባን በያዙባቸው አምስት ዓመታት ገበያውን ከአራዳ፣ ከጊዮርጊስ ፊት ለፊት አንሥተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት፤ ያኛውን ለነጮች፣ ይኼኛውን "ለአገሬው" ብለው ከፈሉት። የከፋፈሉበት ሐሳብ በ1933 አብሯቸው ተባረረ፤ ስሙና መደቡ ግን ቀረ። ነጻነት ከመጣ በኋላ የአገሬው ሰው ገበያውን ጨርሶ የራሱ አደረገው፣ ቃላቱንም እንደዚሁ። ካቻቪቴ ሲል ጣሊያን ትዝ የሚለው መካኒክ ያለ አይመስለኝም።

እንግሊዝኛውም ቢሆን ታሪክ አለው። ዳሽቦርድ የጋሪ ዘመን ቃል ነው፤ ፈረሱ በኮቴው የሚረጨው ጭቃ ነጂው ላይ እንዳያርፍ ከፊት የሚቆም ሳንቃ። በሐምሌ መርካቶን በእግሩ የረገጠ ሰው የሳንቃውን ጥቅም ለማስተዋል መዝገበ ቃላት አያሻውም።

ልጁ ተስፋ አልቆረጠም። የላዳ አመጣ። የዲኤክስ አመጣና "ይሄን አስተካክለን እናስገባልሻለን፣ እንዲያውም ዘመናዊ ትሆናለች" አለኝ። እንደሚያደርጉት አልተጠራጠርኩም፤ ሶማሌ ተራ የማይገባ ነገር የለም፣ የማይበቃ ቀዳዳ ነው ያለው። በመጨረሻ ከስድስተኛው ሱቅ ጣሪያ ስር፣ በአሮጌ የወንበር ስፕሪንግ መሐል፣ እውነተኛ የ1303 ዳሽቦርድ ተገኘ። አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ፀሐይ ላይ ሲያወጣው አምስት ቦታ ተሰንጥቋል፤ አንዱ ጎን ሙሉ ለሙሉ ተገምጧል። ልጁ ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አየ፣ የያዘውን አየ።

"ያንቺው ይሻላል" አለኝ። ደላላ እንዲህ ሲል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሽማግሌው መካኒክ በዚህ ጊዜ ከኮፈኑ ስር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። "እሱ የሚገዛ አይደለም፤ የሚለበስ ነው" አለና ወደ ሸራ ተራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ አንድ የወንበር ልብስ ሰፊ ጠቆመኝ። "ሐጂ በያቸው፤ ሁሉም ያውቃቸዋል።"

የሐጂ ሱቅ የአንድ አልጋ ስፋት ያላት ናት። በሯ ላይ የሚኒባስ ወንበሮች ሆዳቸው ተከፍቶ ተደርድረዋል፤ ውስጥ አንድ የእግር ሲንጀር፣ እስከ ጣሪያ የተጠቀለለ ቪኒል፣ ከማስቲሹ ሽታ ጋር የተደባለቀ የቡና ሽታ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን እንኳ አላደረጉም።

"ፎቶ አይሰፋም፣ ልጄ። ዕቃውን አምጪው።"

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ከኮተቤ ተነሣሁ። ያን ሰዓት ከተማዋ ለቮልስ ትመቻለች፤ ፒያሳ እንኳ፣ ግማሹ ፈርሶ በአዲስ የእግረኛ መንገድና በአምፖል ከተተካ ወዲህ ሰፊ ሆኖ ይታያል። አውቶቡስ ተራ ስደርስ ግን መርካቶ ከእኔ ቀድሞ ነቅቷል። ተሸካሚዎች ከራሳቸው ሦስት እጥፍ የሚበልጥ የስፖንጅ ፍራሽ አናታቸው ላይ አድርገው ያልፋሉ፣ "ወደ ጎን! ወደ ጎን!" እያሉ። ቮልሷ ጠባብ መሆኗ እዚህ ቦታ ይጠቅማል። ጥበቃው ለአንዲት ሚኒባስ ያልበቃ ክፍተት ውስጥ አስገብቶ አቆማት።

የሐጂ ረዳት፣ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቮልስ ከፍቶ አያውቅም ነበር። ሞተሩን ፊት ለፊት ፈልጎ ያጣ ጊዜ የሳቀው ሳቅ ሱቆቹን ሁሉ አስወጣ። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ፊቷ ዕቃ መጫኛ ነው። ከፊት ኮፈኑ ስር ካርቶን መሳዩን ክዳን አንሥቶ እጁን እስከ ክርኑ ሰደደ። በዚያ በኩል የፍጥነት መለኪያው ጀርባ ይገኛል፤ ከግራ የፊት ጎማ የሚነሣው ገመድ እዚያ ላይ ነው የሚታሰረው። ፈታው። ሽቦዎቹን እያንዳንዳቸውን በፕላስተር ቁጥር እየሰጠ ነቀለ፤ ይህን ሐጂ ናቸው በቁጣ ያስደረጉት። ቮልስ የሚነቀል ብዙ ነገር የላትም። ከፍጥነት መለኪያው ውስጥ የነዳጅ ጠቋሚ አለች፤ ውኃ ስለሌላት የውኃ ሙቀት የሚባል ነገር አታውቅም። እንዲያውም ከእኔዋ ብዙ ዓመት ቀደም ያሉት የነዳጅ ጠቋሚም አልነበራቸው፤ ሲያልቅ በእግር የምትዞር የመጠባበቂያ ቧንቧ ነበረቻቸው።

ዳሽቦርዱ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲጋደም ሐጂ አሁን መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን በስንጥቁ ላይ ሳይሆን በአበቦቹ ላይ አስኬዱ።

"ይሄን ማነው የሳለው?"

"ፀሐይ ናት" አልኳቸው፤ የዳንቴሉንም ነገር ነገርኳቸው።

"ማሻ አላህ" አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ "እነቅለዋለሁ እንግዲህ። ቆዳው ተሰብስቧል፣ ጠርዙ ወደ ላይ ተጠቅልሏል፤ በላዩ ባለብሰው በስድስት ወር ይገፋዋል።"

"በላዩ መሙላት የሚባለው አይሆንም? በሚለጠጥ ነገር?"

"ይሆናል። ስፌቱ ግን ይታያል፤ አበባውም በመሐሉ ይቆረጣል። ሥዕሉን ከፈለግሽ ፎቶ አንሺው። መኪናውን ከፈለግሽ ልንቀለው።"

ፎቶ አነሣሁት። ከአራት አቅጣጫ። ዋጋ ላይ ብዙም አልተጨቃጨቅንም፤ ስምንት ሺህ አሉ፣ ስድስት ሺህ አምስት መቶ ላይ ቆምን። ቁሱ ላይ ግን ተጨቃጨቅን። እኔ እውነተኛ ቆዳ ፈልጌ ነበር፤ እሳቸው እምቢ አሉ። "ቆዳ ለወንበር ነው፤ ሰው ይቀመጥበታል፣ ላቡ ያርሰዋል። ዳሽቦርድ ላይ ማን ይቀመጥበታል? ደርቆ ይሰበሰባል።" ከጥቅልሎቹ አንዱን ስበው ጥግ ላይ አጠፉት፣ በጥፍራቸው ጫሩት፣ ጀርባውን አገላብጠው ጨርቁ እንደሚለጠጥ አሳዩኝ። ከቻይና የመጣ ነው። የላዩ ሸካራነት ከድሮው ጋር አንድ ባይሆንም ይቀራረባል። "ኦርጅናል ነው?" ብዬ የጠየቅሁት ከልማድ ነው። ሐጂ እንደ ሕፃን አዩኝ።

"የምን ኦርጅናል? ይዞ የሚቆይ ነው።"

ቪኒሉ ሲነሣ አራት ቦታ ተሰበረ። ከስሩ ያለው ስፖንጅ ቢጫ ሆኖ እንደ በሶ በነነ፤ ረዳቱ በብሩሽ ሲጠርገው ቤቱን ሞላው። አጥንቱ ብቻ ቀረ። የተበላሸውን ቦታ ሁሉ ጫማ ሰሪዎች ለገበር በሚጠቀሙበት ጠበቅ ያለ ስፖንጅ እየቆረጡ ሞሉት፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ በሸካራው ኋላ በለስላሳው፣ ኩርባው እስኪመለስ። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ነው የሚለኩት። አንድ ቦታ ላይ መዳፋቸው ቆመ፤ ለእኔ ምንም አይታየኝም፣ ረዳቱን ጠርተው አስፈተጉት።

ማስቲሹ በሁለቱም በኩል ተቀባ፤ በአጥንቱም በቪኒሉም። ከዚያ መጠበቅ ነው። ጀማሪ እርጥብ ሳለ ይለጥፋል፤ የለጠፈው ሌሊቱን ይላቀቃል። ጣት ሲያስነኩት የማይከተል ሲሆን ነው ሰዓቱ። ሰዓቱ ሲደርስ ሐጂ የፀጉር ማድረቂያቸውን አነሡ፤ ቪኒሉ ሞቆ ሲለሰልስ ነው በኩርባው ላይ የሚሳበው። ልክ የመጀመሪያው ጫፍ ሲያዝ መብራት ጠፋ።

ማንም አልተናደደም። ሐጂ የማስቲሹን ቆርቆሮ በመጀመሪያ ከቤት አስወጡ፤ ከዚያ ቡናው የሚፈላበትን የከሰል ምድጃ ወደ በሩ ሳቡት። ምድጃዋ የምናለሽ ተራ ሥራ ናት፤ የዘይት ቆርቆሮ ምልክቷ አሁንም በጎኗ ይነበባል፤ ምናልባትም ቆራሌው ከአንዳችን በር የወሰደው ቆርቆሮ ነው። የቪኒሉን ነጻ ጫፍ ከከሰሉ አንድ ክንድ ከፍ አድርገው ወዲያ ወዲህ እያሉ አሞቁት፣ ሳቡት፣ ጫኑት፤ እንደገና አሞቁት፣ ሳቡት፣ ጫኑት። አንድም እጥፋት አልቀረም። ጀበናው መሬት ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር።

የዙሁር አዛን ከአንዋር መስጊድ ሲሰማ እጃቸውን ታጠቡ። "እንዳይነካ ያዢው" ብለው ዳሽቦርዱን ጭኔ ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ። ሃያ ደቂቃ ያህል መርካቶ መሐል ዳሽቦርድ ታቅፌ ተቀመጥኩ። የምታልፍ ሻይ ሻጭ፣ "ምንድነው የወለድሽው?" አለችኝ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1973 ስሪት ናት። እዚህ አገር በ1966 ገብታ ከሆነ መጥፎ ዓመት መርጣለች፤ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ነው የቤንዚን ዋጋ ንሮ የከተማው ታክሲዎች አድማ የመቱት፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው ወጥተው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነው። ስንት ሮልስ ሮይስ ያየ ሰው በዚያች ጠባብ በር ጎንበስ ብሎ ሲገባ። ከዚያ ወዲህ ቮልስ በዚህ ከተማ መቼም ተራ መኪና ሆና አታውቅም፤ ቢያንስ ለእኔ።

ከተቀመጥኩበት ማዶ አንድ አዲስ አይዲ 4 ቆሟል፤ የቮልሷ የልጅ ልጅ፣ የኤሌክትሪክ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪናን ዋጋ ሰማይ ካደረሰው፣ በ2016 ደግሞ መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ በኋላ ከተማው በእነሱ ተሞልቷል። ዳሽቦርዱን በመስኮት አየሁት፤ ስክሪን ነው። ጥሩ መኪና ነው፣ አላማውም። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ቀን ግን በማስቲሽና በከሰል ምድጃ አይድንም።

ሐጂ ሲመለሱ የቀረው ምላጩ ነበር። የአየር መውጫዎቹን ቀዳዳ ከላይ ሆነው በጣት ፈልገው፣ መሐሉን ብቻ በጥተው፣ ከንፈሩን ወደ ውስጥ አጥፈው ለጠፉት። አንዱ ከመስመሩ ትንሽ ሸፈፈ። አየሁት፣ እንዳየሁት አዩ። "እሱ የእኔ ፊርማ ነው" አሉ። ረዳቱ ቀይ ክር ይስፋበት ብሎ ለምኖ ነበር፤ የዘንድሮ ፋሽን ነው። በጥቁር አሰፋሁት። ከተሰበረው ቪኒል አበባው ያለበትን መዳፍ የምታህል ቁራጭ በጋዜጣ ጠቅልዬ ያዝኩ፤ ሌላውን ልጁ ጠረገው።

ቅዳሜ ጠዋት ቮልሷን በሬ ላይ ሳጥብ ጎረቤቴ ዳቦ ይዘው መጡ። በመስኮቱ ጎንበስ ብለው አዩ፣ እጃቸውን አስገብተው ዳሰሱት። የሸፈፈችው ቀዳዳ ላይ ቆሙ፤ ቀያሽ ናቸው።

"ጎበዝ ሰው ነው የሠራው" አሉ። ከዚያ፣ "ዳንቴሉስ?"

ደነገጥኩ። "የመኪናዋ ኪስ ውስጥ ነው፣ ታጥቦ ታጥፏል። ልስጥዎት?"

"እሱ እኮ የቴሌቪዥኑ ነው" አሉ ሳቅ ብለው። "ስንጥቁ ሲያሳፍረኝ ጊዜ ሳልነግራት አንሥቼ አመጣሁት። ሦስት ቀን ፈለገችው። ሠራተኛዋን ጠረጠረቻት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ላደርሳት መኪና ውስጥ ስትገባ አየችው።"

"ምን አሉ?"

"ምንም" አሉ፤ ዳቦውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። "ለቴሌቪዥኑ ሌላ ሠራች።"